በሽንኩርት መጋዘን የተቀዳ ጃዝ

ቆቦን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ የሚያውቃት ሰው መዓት ነው። ከወልድያ ተነስቶ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ሮቢት ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ዋጃ ሲደርስ ይነቃል፣ መሐል ላይ ያለችውን ከተማ አንገቱን ሰብሮ እያንኮራፋ ያልፋታል። ከዚያ አገሩ ገብቶ “ቆቦን አውቃታለሁ፣ ትሞቃለች” ብሎ ያወራል። ትሞቃለች፣ አልክድም። ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሌላ ጥላ የሚያማርጥባት ከተማ ናት። ግን በሙቀት ብቻ ዝና የሚገኝ ቢሆን የባጃጅ ሞተርም ዝነኛ ይሆን ነበር።

እኛ የምንታወቀው በጭብጨባችን ነው። ይህን የምለው ጉራ ስላለብኝ አይደለም። ጉራ አለብኝ፣ ግን ይህን የምለው በእሱ አይደለም። የራያ ጭብጨባ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ረድፍ ሰው ፊት ለፊት ይቆማል፣ አንዱ ዘፈኑን ያወጣል፣ የቀረው ይቀበላል፣ መዳፍ ከመዳፍ ሲገናኝ የሥጋ ድምፅ አይመስልም፣ ጣውላ በጣውላ የተመታ ነው የሚመስለው። ቆቦ ሰርግ ላይ ሲጨበጨብ ዋጃ ያለ ሰው “ማነው?” ብሎ በሩን ይከፍታል ይባላል። ይባላል ስል፣ የሚለው እኔ ነኝ።

ከአጨብጫቢዎች ሁሉ ደግሞ ማን ይበልጣል ብትሉ፣ ትሕትና ይዞኝ ዝም እላለሁ፤ እናንተ ግን ከዝምታዬ ተረዱት። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ማህተም ሳሳርፍ እንኳ በምት ነው፤ ሁለቴ ቀለሙ ላይ፣ አንዴ ወረቀቱ ላይ፣ ትንሽ ፋታ፣ ደግሞ ሁለቴ። ባለጉዳዩ ሳያውቀው ትከሻው ይነቃነቃል። አንድ የሮቢት ገበሬ ማመልከቻው ውድቅ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ላይ ማህተም ሳደርግለት እየተውረገረገ ወጥቶ፣ ምን እንደተባለ የገባው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው አሉ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ። እህቴ ዘሀራ ኑሩ የሚባል ልጅ አላት። አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሮ፣ እዚያው የራሱን ባንድ አቋቁሞ ይኖራል። ባለፈው ዓመት ለሦስት ቀን ሊጠይቀን መጣና አልበም እየጨረስኩ ነው አለኝ። የምን አልበም ስለው ጃዝ ፈንክ አለ። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ያልገባውን ነገር አንገቱን ነቅንቆ መቀበል ያውቅበታል።

እንዳልገባኝ ግን አወቀብኝ። “ቀላል ነው አጎቴ” አለኝ፤ “ጃዙ ያስባል፣ ፈንኩ ይራመዳል።”

ከዚያ አልበሙ ስለምን እንደሆነ ነገረኝ። በባርነት ተይዘው፣ በመርከብ ተጭነው ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች ነበሩ። ዕቃ እንዲይዙ አልተፈቀደላቸውም፤ ምታቸውንና ዜማቸውን ግን ማንም ሊቀማቸው አልቻለም። በየደረሱበት ደሴትና አገር ያ ምት ሌላ ልጅ ወለደ። ኑሩ እነዚህን ልጆች አንድ በአንድ ፈልጎ፣ ከሳክስፎንና ከቤዝ ጊታር ጋር አስተዋውቆ፣ አንድ አልበም ውስጥ ሊያኖራቸው ነው። አራተኛው ዘፈን ላይ በካሪቢያን ደሴት የምትኖር አንዲት አሮጊት ትዘፍናለች፤ ድምፅዋን ከዚያው ቀድታ በኢንተርኔት ልካለታለች። አያቶቿ አገዳ ሲቆርጡ ይዘፍኑት የነበረ ዜማ ነው አለኝ።

“ይኸውልህ፣ እዚህ ጋ ጭብጨባ አለ” ብሎ ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ ጫነልኝ።

ሰማሁ። ጭብጨባው እኩል ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አንዱ ከሌላው ፀጉር አይበላለጥም። እንደ ታጠበ ሳህን ነው። ግን የሚበላ ነገር የለበትም።

“ማነው የሚያጨበጭበው?” አልኩት።

“ሰው አይደለም፣ ኮምፒውተር ነው። ተዘጋጅቶ የሚመጣ ድምፅ አለ።”

ደሜ ፈላ። “ራያ ተወልደህ ጭብጨባ ኸኮምፒውተር ትለምናለህ? ለአሣ ውኃ ቢሸጡለት እንዲህ አይደንቀኝም ነበር።”

“ጊዜ የለኝም አጎቴ። ነገ ስምንት ሰዓት ላይ መኪና አለኝ፤ አልበሙ በዚህ ወር ይዘጋል።”

“አብሽር” አልኩት፤ “ኸስምንት ሰዓት በፊት እኔ አጨብጭቤልህ ታድራለህ።” ነገ ቀን ለሚሄድ ሰው ታድራለህ ማለቴ እንኳ አልታወቀኝም። ኑሩ ተስማማ። ጥሩ ጭብጨባ ከሰጠሁት የኮምፒውተሩን ያወጣዋል፤ ካልሰጠሁት የኮምፒውተሩ እንዳለ ይቀራል፤ የራያም እጅ ከአልበሙ ውጭ ይሆናል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በነጋታው ጠዋት ፈቃድ ልጠይቅ ቢሮ ስሄድ፣ ከጥበቃው ጀምሬ እስከ ኃላፊያችን ድረስ ባሕር ማዶ ላጨበጭብ ነው ብዬ ተናገርኩ። ኃላፊያችን የሮቢት ሰው ናቸው፣ ብዙ አይናገሩም፤ “እጅህን ታጥበህ ግባ” ብለው ፈቀዱልኝ።

ለቀረጻ ጸጥ ያለ ቦታ ያስፈልጋል። ቆቦ ዋና መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ጸጥታን ከሰማይ ነው የምታገኙት። ኑሩ ማሚቶውን ሊለካ ከቤት ቤት እያጨበጨበ ዞረ፤ መጨረሻ ላይ የእናቱን የሽንኩርት መጋዘን መረጠ። ዘሀራ የሽንኩርት ነጋዴ ናት። መጋዘኑ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ የመዳፍ ያህል ነው፤ ግማሹ ድረስ ሽንኩርት ሞልቶታል። “ማሚቶው ብቻ ነው የሚያስቸግረው፣ ግድግዳው ላይ ፍራሽ ቢደገፍ ይጠፋል” አለ ልጁ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ዘሀራ ፍራሽ እንዲለመንላት ወደ ጎረቤት ላከች። ለምን እንደሆነ መናገር አፈረች፤ ለሽንኩርት መጋዘን ግድግዳ ነው ብሎ የሰው ፍራሽ ይለመናል እንዴ? ስለዚህ “አንድ ነገር ገጥሞን ነው” አለችና እሷ ወደ ገበያ ሄደች። በእኛ አገር አንድ ነገር ገጥሞን ነው ብሎ ፍራሽ የሚሰበስብ ቤት የገጠመው ነገር አንድ ብቻ ነው። ጎረቤትም ምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ይሸከማል። ኑሩና እኔ ይህን አላወቅንም። ፍራሹ ሲጎርፍልን “አይ የጎረቤት ደግነት” እያልን ግድግዳው ላይ ስንደረድር ቆየን። ያመጡት ሰዎች ፊታቸውን አጨልመው ሲወጡ፣ ሙቀቱ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት።

አሁን አስቡት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በቆቦ ፀሐይ፣ በሩ በተዘጋ፣ በፍራሽ በታሸገ፣ ግማሹ ሽንኩርት በሆነ ክፍል ውስጥ፣ ጆሮዬ ላይ ሄድፎን፣ ፊቴ ማይክ። ሄድፎኑ ውስጥ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ አለ። ኑሩ ላፕቶፑን እያየ በእጁ ጀምር አለኝ። ጀመርኩ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ አራተኛው ላይ እጄ ቆመ።

“ምነው?”

“አይ፣ ምንም። እንደገና።”

እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ቆምኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ችግሩ የገባኝ ስድስተኛው ላይ ነው። እኔ ለአርባ ዓመት ሳጨበጭብ ሁልጊዜ ፊት ለፊቴ ሰው ነበረ። እጄ የሚሄደው ለዚያ ሰው እጅ መልስ ሊሰጥ ነው። እሱ ይመታል፣ የኔ ይመልሳል፤ ዓይን ለዓይን ይተያያል፣ ትከሻ ይጠራራል። እዚህ ፊት ለፊቴ ያለው ፍራሽ ነው፤ ያውም ሸተት የሚል ፍራሽ። አንድ እጅ አያጨበጭብም ሲባል ሰምቼ አንድ ሰው ይችላል ማለት ነው ብዬ ነበር የተረዳሁት። ሁለት እጅ አለኝ፣ ግን ሁለቱም የኔ ናቸው፤ የሚነጋገሩት ነገር የላቸውም።

ኑሩ ታጋሽ ልጅ ነው። “ሰው ያለ አስመስለህ አጨብጭብ” አለኝ። ሰው አስመስዬ ፍራሹን ፈገግ ብዬ አየሁት። ራሴን ታዘብኩት። ብቻውን የሚያጨበጭብ ሰው ወይ ዶሮ ያባርራል ወይ አእምሮው ተነክቷል፤ እኔ ከሁለቱ ወደ የትኛው እንደምቀርብ ለኑሩ ትቼለታለሁ። በዚህ ላይ ሽንኩርቱ ሥራውን ጀምሯል። ዓይኔ ይለበልበኛል፣ አፍንጫዬ ይወርዳል፣ ላቤ ከእንባዬ አይለይም። ልጁም እያለቀሰ ነው ላፕቶፑን የሚነካካው። አምስት ሰዓት ሲሆን መተንፈስ አቃተኝና በሩን በርግጄ ራሴን በሁለት እጄ ይዤ፣ እንባዬ እየጎረፈ ወደ ግቢ ወጣሁ።

ግቢው ሰው ሞልቶታል።

የቅሬያችን ዳኛ አያ እንድሪስ ከፊት ቆመዋል፤ ቅሬ ማለት ያው ለቅሶ ሲመጣ የሚቀብርና የሚያስተዛዝን የሰፈር ማኅበራችን ነው። ከኋላቸው ወንዱ ሴቱ፣ ሙስሊሙ ክርስቲያኑ፣ ከገበያ ተነስቶ የመጣው ዘንቢሉን እንደያዘ። ወደ መስጊድ የሄዱት ሳይቀሩ ተመልሰዋል። አያ እንድሪስ አቀፉኝ። “ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን” አሉ። “ሶብሩን ይስጥህ፣ የኔ ጌታ። ምን ይደረጋል።”

አይ፣ ማንም አልሞተም ልል አፌን ከፈትኩ። ሽንኩርቱ ጉሮሮዬን ይዞት ኖሮ የወጣው ድምፅ ለቅሶ ሆነ። ሴቶቹ ሲሰሙ ተቀበሉኝ። እጄን ወደ መጋዘኑ ዘረጋሁ፤ ውስጥ ገብታችሁ እዩ ማለቴ ነበር። ሰዉ ግን ሬሳው እዚያ ነው ብሎ ተረዳው፤ አዲስ አበባ የነበረው ልጅ ሳይታሰብ የመጣው ለካ ታሞ ነው ብለው በሹክሹክታ ጨረሱት። ኑሩ በዚያው ቅጽበት ሄድፎኑን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑ ፍም መስሎ በሩ ላይ ብቅ አለ። አንዲት ጎረቤታችን ዘንቢሏን ጥላ ወደ ኋላ ሄደች።

እንደዚህ ግራ ተጋብተን ሳለን ዘሀራ ከገበያ ደረሰች። በሯ ላይ ያን ሁሉ ሰው ስታይ ነጠላዋን አወረደችና “ማነው የሞተብኝ?” ብላ ለቅሶዋን ጀመረች። ማንም የሚነግራት ጠፋ። ለቀባሪው አረዱት ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ቀባሪው ራሱ ማንን እንደሚቀብር ባለቤቲቱን ይጠይቃል፣ ባለቤቲቱ ቀባሪውን ትጠይቃለች። በመጨረሻ ኑሩ እናቱን ይዞ፣ ሳሉ እያቋረጠው፣ ሁሉንም ነገር አስረዳ፤ አልበሙን፣ ኮምፒውተሩን፣ ፍራሹን፣ የኔን እጅ።

 አያ እንድሪስ አንዴ ፍራሹን፣ አንዴ እኔን አዩኝ። “ሰው ኸገበያ ተነሳ፣ ሱቅ ተዘጋ” አሉ ቀስ ብለው። “ለጭብጨባ።”

“ለጭብጨባ” አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

“ያውም ላልቻልከው።”

ይሄኛው አጥንቴ ድረስ ገባ። ሰው ጉራውን ከመሐል ገበያ ሰቅሎ ሲወርድ ማየት ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሰዓቱ ስድስት ሊሆን ነው፤ የኑሩ መኪና ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል፤ እኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀልዬ ቆሜያለሁ።

ያዳኑኝ እማማ ፋጤ ናቸው። እማማ ፋጤ የሰፈራችን ዘፈን አውጪ ናቸው። እኛን ሁላችንን የዳሩን እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል፤ እሳቸው ያላወጡበት ሰርግ ሙሉ ሰርግ አይደለም። ዱላቸውን ተደግፈው ወደ መጋዘኑ ገቡ፤ ከግድግዳው የተንሸራተተ ፍራሽ ላይ ተቀመጡና “ኸመጣን አይቀር፣ ለቅሶ ያመጣንን ዘፈን አሰማና” አሉት ኑሩን።

ልጁ ዘፈኑን በትንሽ ስፒከር ከፈተው። መጀመሪያ ቤዝ ጊታሩ መጣ፤ ሆድ ውስጥ ገብቶ እንደሚያንኳኳ እንግዳ ነው። ከዚያ ከበሮ። ከዚያ ያቺ የባሕር ማዶ አሮጊት አንዲት ሐረግ ወርውራ ዝም አለች። ቋንቋዋን አናውቀውም። እንደገና ወረወረች፣ እንደገና ዝም አለች። በዝምታዋ መሐል ባዶ ቦታ አለ።

እማማ ፋጤ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። “ይችን ሴትዮ ማነው የሚቀበላት?”

“እዚያ ጋ ሳክስፎን ይገባል እማማ” አለ ኑሩ።

“እሱ ሰው ነው?”

“አይ፣ የሚነፋ መሣሪያ ነው።”

“የሰው ልጅ ስትጣራ ቱቦ ነው የምትሰጣት?”

ኑሩ አብራራ፣ ዘመናዊ አሠራር ነው አለ፣ የጃዝ ደንብ ነው አለ። እማማ ፋጤ አልሰሙትም። እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ በእኛ ዘንድ አውጪን ያለ ተቀባይ መተው ሰላም ያለን ሰው ዝም ብሎ እንደማለፍ ነው። የተጣላን ሰው እንኳ ሰርግ ላይ ዘፈን ቢያወጣ እንቀበለዋለን፤ ጠባችንን የምንቀጥለው ሲጨርስ ነው። ማሽላ ስንወቃም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ዱላው ሁሉ ይቀበላል፣ ክንድ የሚበረታው በዚያ ነው። “አገዳ ሲቆርጡ ነው ያልከኝ?” አሉ እማማ ፋጤ። “የሚቀበሏት አያቶቿ ሞተውባታል። እስቲ ኸመጀመሪያው መልሰው።”

ኑሩ መለሰው። አሮጊቷ ወረወረች። እማማ ፋጤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስቡ፣ ያችኑ ዜማ ይዘው መለሱላት፦

“ሰምተናል እቱ፣ ሰምተናል እቱ፣
ሩቅ አይደል ድምፅሽ ቢርቅም ቤቱ።”

ግቢ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ መጋዘኑ ገባ። ማን እንዳስገባው አላውቅም። ሁለተኛው ላይ ሴቶቹ ተቀበሉ፣ ሦስተኛው ላይ ወንዶቹ። ዘሀራ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ባዶ ጀሪካን ገልብጣ መምታት ጀመረች። ሁለት ረድፍ ሆነን ቆመን ኖሯል። ፊት ለፊቴ አያ እንድሪስ ናቸው፣ ቁጣቸው ገና ከግንባራቸው አልወረደም። ዓይናችን ተገናኘ፣ ትከሻቸው አንዴ ነጠቅ አለ፣ እጃቸው ጠራኝ። እጄ ሄደ። ጠዋቱን ሙሉ የከዳኝ እጅ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው ሄደ፤ ጣውላ በጣውላ ሆነ። ሽንኩርቱ ከክምሩ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል። ያ ፈንክ የሚሉት ነገር ከእግራችን ሥር ይራመዳል፣ አሮጊቷ ከባሕር ማዶ ትጣራለች፣ ቆቦ ትመልሳለች። ኮራሁ። ሌላ የምለው ቃል የለኝም፤ በሰዎቼ ኮራሁ። ማንም ሰው ሳይሞት ያን ያህል ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

ዘፈኑን ደጋግመን ደጋግመን ስናበቃ ሁላችንም ወደ ኑሩ ዞርን። ልጁ ማይኩን ከፍቶት ነበር፤ ሁሉንም ቀድቶታል። እኛ ምስጋና ስንጠብቅ እሱ ራሱን ይዞ ተቀምጧል።

“እኔ የፈለግሁት ጭብጨባ ብቻ ነበር አጎቴ” አለኝ። “ንጹሕ ጭብጨባ፣ ለብቻው።” አስደመጠን። ጭብጨባው ላይ ዘፈን አለ፣ ዘፈኑ ላይ ጀሪካን አለ፣ ጀሪካኑ ላይ ሳል አለ። ከሁሉ የባሰው፣ ከዋጃ ዘግይቶ የደረሰ አንድ ዘመዳችን፣ ነገሩን ሳያውቅ በር ላይ ቆሞ “ሶብሩን ይስጣችሁ” ያለው መሐል ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል። “ይህን አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም” አለ ኑሩ። እንደገና እንዳንቀዳ ስምንት ሰዓት ሆኖ ሚኒባሱ በር ላይ ጥሩንባውን ይነፋል። ልጁ ላፕቶፑን አጥፎ፣ እናቱን ስሞ፣ እማማ ፋጤን አስመርቆ ሄደ። መኪናው ላይ ሲወጣ፣ ዘፈኑ የሴትዮዋ ስለሆነ ሁለቱንም ለእሷ እልክላታለሁ፣ የኮምፒውተሩንም የእናንተንም፣ እሷ ትምረጥ አለኝ። ሊያጽናናኝ እንደሆነ ገባኝ። ቀኑን ሙሉ ማጽናኛ ስሰበስብ ለዋልኩት ለእኔ አንድ ተጨማሪ አልከበደኝም።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት አታስታውሱኝ። ቢሮ ስገባ ጥበቃው “እንዴት ነው ባሕር ማዶ?” ይለኛል። ሰው ሁሉ ወሬውን ሰምቷል። አያ እንድሪስ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ “ወሬ መጣ?” ይላሉ፤ አልመጣም ስላቸው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። የሚያሳዝነኝ የኔ ውርደት አልነበረም፣ እሱን ለምጄዋለሁ። የሚያሳዝነኝ ያ ድምፅ ነበር። ማህተሜን እንኳ በምት መምታት ተውኩ። ባለጉዳይ እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ተኮሳትሮ ይገባል፣ ተኮሳትሮ ይወጣል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ መዝገብ ቤቱ በባለጉዳይ ተጨናንቆ እስከ ኮሪደሩ ተሰልፎ ሳለ፣ ስልኬ ጮኸ። ከኑሩ የመጣ መልእክት ነው። “አጎቴ፣ ሁለቱንም ላክሁላት። የመለሰችልኝ ይህን ብቻ ነው፤ ቃል አልተናገረችም። አንተ ስማው” ይላል። ከሥሩ የድምፅ መልእክት አለ። የስልኬ የጆሮ ድምፅ ከተበላሸ ቆይቷል፣ የሚሠራው ስፒከሩ ብቻ ነው። ከፈትኩት።

መጀመሪያ ሳቅ ሰማሁ፤ የአሮጊት ሳቅ፣ የጥርስ እጦት ያለበት። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና አዲስ ሐረግ ወረወረች። በዘፈኑ ውስጥ ያልነበረች፣ አዲስ ሐረግ ናት። ወርውራ ዝም አለች። ድምፁ ግን አልተቆረጠም፤ ከኋላዋ ዶሮ ይሰማል፣ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። እየጠበቀች ነው።

ገባኝ። የኮምፒውተር ጭብጨባ የመረጠ ሰው ደግሞ አይጣራም። ብዕሬን አስቀመጥኩ። ወዲያው ሁለተኛ መልእክት ገባ፤ “የኮምፒውተሩን አጥፍቼዋለሁ፤ አልበሙ ላይ ያላችሁት እናንተ ናችሁ” ይላል። ድምፄን ከፍ አድርጌ ለሰልፉ አነበብኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለብቻዬ ማንበብ አላስቻለኝም።

 ከሰልፉ ፊት የነበሩት የዋጃ ሽማግሌ፣ የመሬት ወረቀታቸውን እንደጠቀለሉ፣ ክርናቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስደገፉ። “ልጄ፣ የኔን ወረቀት ተወው፣ ይደርሳል” አሉኝ። “ሴትዮዋን እስተመቼ ታስጠብቃታለህ?”

ድምፁን ከመጀመሪያው መልሼ ከፈትኩት። ወረወረች። ሽማግሌው መለሱ፤ ከኋላቸው ኮሪደሩ መለሰ። ሁለተኛው ላይ ወረቀት የያዘ ሁሉ ወረቀቱን ወደ ብብቱ ከተተ። በዚህ መሐል የኃላፊያችን በር ተከፈተ፤ አንድ ወፍራም ፋይል በሁለት እጃቸው እንደያዙ ደፍ ላይ ቆሙ። ሁሉም ቀጥ አለ። እኔም ብድግ አልኩ።

“ምንድን ነው ይኼ?” አሉ።

“ሰው ተጣርቶን ነው ጌታዬ።”

“ማን?”

“አንዲት አሮጊት ናት። ኸባሕር ማዶ።”

ስልኬን አዩት፣ ሰልፉን አዩት። ከስልኩ የአሮጊቷ ወንበር ይንቋቋል፤ ገና እየጠበቀች ነው።  ከዚያ ያን ወፍራም ፋይል ጎንበስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡና፣ ሁለት እጃቸውን ባዶ አድርገው ፊት ለፊቴ መጥተው ቆሙ።